የጣሪያ ዕድሜ መጋጠሚያው ላይ ነው፦ ከከተማ ዳር ለሚሠራ ሰው የጥምር ክዳን አመራረጥ

ሱሉልታ በኩል ቤት ስሠራ የመጀመሪያውን ክዳን የመረጥኩት በቀለሙ ነው። አልደብቃችሁም። የጡብ ቀለም ያለው፣ እንደ ሸክላ የተሞገደ የፕላስቲክ ክዳን ነበር። ሻጩ ናሙናውን ሁለት ጣውላ ላይ ጋድም አድርጎ ቆመበት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። እውነትም አልተሰበረም። በሁለተኛው ክረምት ግን ሳሎኑ አፈሰሰ።

መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ክዳኑ ደህና ነው። ብሎኑም ደህና ነው። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ግን ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ባቄላ ረዝሟል። ፕላስቲኩ ቀን በፀሐይ ሲረዝም፣ ማታ በብርድ ሲያጥር ብሎኑን ሲፈጨው ከርሟል። ውሃው የገባው በዚያች በባቄላዋ ጫፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ሁለት ነገር የተገናኘበት ቦታ ላይ ነው። ጥምር ክዳን የሚባለው ነገር ሁሉ ከሁለት ወይም ከሦስት የተለያዩ ነገሮች ተጣብቆ የተሠራ ነው። ብረቱ ብቻውን ብዙ ዓመት ይቆያል። ድንጋዩም ብቻውን ይቆያል። የሚለቀው በመካከላቸው ያለው ሙጫ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ይሄ ከዚያ ጋር የተያያዘው እንዴት ነው?

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁን እዩ

አዲስ አበባ አንድ አየር ያላት ከተማ አይደለችም። አቃቂ በኩል ከፍታው ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። እንጦጦ ጫፍ 3,000 ይዘላል። ልዩነቱ ለክዳን ትልቅ ነው።

አንደኛው ነገር ፀሐይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀለምን የሚያነጣው፣ ፕላስቲክን የሚያደርቀው፣ ሙጫን የሚያደክመው ይሄው ጨረር ነው። በካታሎግ ላይ የተጻፈው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ባሕር ጠለል አጠገብ ያለ አገር ታስቦ የተጻፈ ነው። እኛ ያለነው ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርበን ነው።

ሁለተኛው የቀንና የማታ ልዩነት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጠቆር ያለ ክዳን በእጅ አይነካም። በአንድ ቀን ውስጥ የክዳኑ ገጽ 50 ዲግሪ ወጥቶ ሊወርድ ይችላል። ይሄ በየቀኑ ነው የሚሆነው። የኔን ቀዳዳ ባቄላ ያደረገውም ይሄው ነው።

ሦስተኛው ዝናብና በረዶ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። በረዶ ደግሞ በበልግም በክረምትም አይቀርም።

ከዚያ ግቢያችሁን ዙሩ። ባሕር ዛፍ አለ? ቅጠሉ አሸንዳ ውስጥና ጣሪያው በሚታጠፍበት ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ እርጥበት ይይዛል። ማድቤቱ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዟል? እንጨት የምታነዱ ከሆነ ጭስ ማውጫው በየት ይወጣል? ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው? ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ቤት ክዳኑ ከጫፍ በኩል ነው የሚነሳው። ይህን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሻጩ ፊት ስትቆሙ ቀለም እንዳያታልላችሁ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ ተዳፋቱንና እንጨቱን ለኩ

ሰው ክዳን መርጦ ከዚያ አናጢ ይጠራል። መሆን ያለበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ የክዳን ዓይነት የሚፈልገው ትንሹ ተዳፋት አለ።

አለካኩ ቀላል ነው። የአንድ ሜትር ውሃ ልክ ውሰዱ። አንዱን ጫፉን ጣሪያው ላይ አስነኩና ውሃው መሃል እስኪገባ አስተካክሉት። ከዚያ ከሌላው ጫፍ እስከ ጣሪያው ያለውን ቁመት በሜትር ለኩ። 18 ሴንቲ ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። 27 ሴንቲ ከሆነ 15 ነው። 36 ሴንቲ ከሆነ 20 ነው።

ባለ ጠጠር ቆርቆሮ ከ15 ዲግሪ በታች ባይገባ ይሻላል። አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚሄድ ስለሆነ፣ ተዳፋቱ ዝቅ ሲል ነፋስ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሳንድዊች ፓናል ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሆኖ ከመጣ 6 ወይም 7 ዲግሪም ይበቃዋል። ስለዚህ ፊት ለፊቱን በግንብ ደብቆ ጠፍጣፋ ለማስመሰል የሚፈልግ ሰው ባለ ጠጠሩን ባያስበው ጥሩ ነው። ፋሽኑን ይዞ ጠጠሩንም አማረኝ ካለ ዝናቡን ከቤት ውስጥ ያየዋል።

ክብደትም አለ። ተራ 0.4 ሚሊ ቆርቆሮ በካሬ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ ጠጠሩ 7 ኪሎ አካባቢ ነው። 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሳንድዊች ፓናል እንደ መሃሉ ዓይነት ከ10 ኪሎ ወዲያና ወዲህ ነው። የሲሚንቶ ጡብ ክዳን ግን ከ40 ኪሎ በላይ ይሄዳል። ጥምር ክዳን ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው፤ የጡብ መልክ ይሰጣል፣ የጡብ ሸክም የለውም።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ከሆነ መድረቁን አረጋግጡ። እርጥብ ሞራሌ ክዳን ከተመታበት በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል። ብሎኑ ይላላል። ከዚያ «ክዳኑ ነው መጥፎ» ይባላል። ከቻላችሁ እንጨቱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አየር እንዲገባው በመሃል በመሃሉ ቁራጭ እያስገባችሁ ጥላ ውስጥ ደርድሩት። ወይም በብረት ሥሩት።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ለዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ ነው።

ባለ ጠጠር ቆርቆሮ። ሻጮች ስቶን ኮትድ የሚሉት ነው። ከታች ብረት አለ። በብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ። ከዚያ ሙጫ፣ ከዚያ የድንጋይ ፍርፋሪ፣ ከላይ ደግሞ ብርጭቆ የመሰለ ስስ ቅብ። ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለገበያ የወጣ ነው፤ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጥቅሙ ሁለት ነው። ድንጋዩ ሙጫውን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ዝናቡንም ይሰብረዋል። በሐምሌ ተራ ቆርቆሮ ስር ተቀምጦ ስልክ ማውራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለ ጠጠሩ ስር ይወራል።

ዋናው ነገር ግን ከድንጋዩ ስር ያለው ብረት ነው። ሁለት ዓይነት ሽፋን ታገኛላችሁ። አንዱ ንጹሕ ዚንክ ነው። ሌላው አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀላቀለበት ነው፤ በክብደት 55 ከመቶው አሉሚኒየም ነው። ለክዳን ሁለተኛውን ምረጡ። ሙጫው አንድ ቀን አንድ ቦታ መልቀቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ቤቱን የሚጠብቀው ይሄ ሽፋን ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤዜድ 150» የሚል ካያችሁ በሁለቱ ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 150 ግራም ሽፋን አለው ማለት ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ዋጋውም ዝቅ ማለት አለበት።

የብረቱን ውፍረት በጌጅ ብቻ አትመኑ። በእኛ ገበያ 28 ጌጅ ሲባል 0.4 ሚሊ ገደማ ነው። 30 ጌጅ 0.3፣ 32 ጌጅ 0.25፣ 35 ጌጅ ደግሞ 0.2 ሚሊ ነው። ጌጁ ሲጨምር ብረቱ እንደሚሳሳ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ 35ቱ ከ28ቱ የሚበልጥ መስሎት የሚከፍል አይቻለሁ። ለባለ ጠጠር ክዳን ከ0.4 ሚሊ በታች አትውረዱ። ሰው ሲረግጠው ብረቱ ይጎደጉዳል፣ ብረቱ ሲጎደጉድ ሙጫው ይሰነጠቃል።

ሳንድዊች ፓናል። ሁለት ላሜራ፣ መሃሉ ላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር። ክዳንም ኮርኒስም በአንዴ ይሆናል። ፍጥነቱ ያስቀናል። ነገር ግን «ሳንድዊች» ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ምንም አልጠየቀም። መሃሉ ምንድን ነው? ሦስት መልስ አለ።

ነጩ፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ፎም ርካሹ ነው። ቢጫው ጠንካራ ፎም ፖሊዩሪቴን ይባላል፤ ሙቀትን በመያዝ ከሁሉም ይበልጣል። የቢጫው 5 ሴንቲ የሚሰጠውን ነገር ከነጩ ለማግኘት 8 ሴንቲ ገደማ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሮክ ውል ነው፤ ከድንጋይ የተፈተለ። ሙቀት በመያዝ ከነጩ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ግን አይነድም። ነጩ ፎም እሳት ሲነካው ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰው የሞተበት እሳት በውጭ ግድግዳው የተዛመተው መሃሉ ፕላስቲክ በሆነ ጥምር ሽፋን ምክንያት ነው። እርግጥ ያ ግድግዳ ነው፣ ሕንፃውም ረጅም ነው። መሃሉን የመጠየቅ ልማድ ግን ከዚያ ይወሰድ። ከማድቤት በላይ ሮክ ውል ብቻ።

የሳንድዊች መጋጠሚያ ሁለት ነው። አንዱ ላሜራው ከፎሙ ጋር የተጣበቀበት ነው። የላይኛው ላሜራ ፀሐይ ላይ ነው፣ የታችኛው ጥላ ውስጥ ነው። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው አይረዝምም። ጥቁር ቀለም ከመረጣችሁ ትግሉ ይብሳል። ስለዚህ ለሳንድዊች ፈዘዝ ያለ ቀለም ምረጡ። ሁለተኛው ፓናል ከፓናል የሚገናኝበት ነው። በዚያ ክፍተት የቤቱ ሙቅ አየር ወጥቶ ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጣሪያው ሳይዘንብ ያንጠባጥባል።

የፕላስቲክ ክዳን። የኔ ጉድ። ከታች ፒቪሲ፣ ከላይ ፀሐይ የሚቋቋም ስስ ሽፋን ነው። አይዝግም። ፋብሪካ አካባቢ፣ ኬሚካል ባለበት ቦታ ጥሩ ነው። ችግሩ መርዘሙ ነው። አንድ ስድስት ሜትር ክዳን ውሰዱ። ብረት በ50 ዲግሪ ልዩነት 3.6 ሚሊ ይረዝማል። ፒቪሲ በዚያው ልክ 2 ሴንቲ ገደማ ይሄዳል። ሁለት ሴንቲ ትንሽ ትመስላለች፤ በየቀኑ ስትሆን ግን ትንሽ አይደለችም። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ በመሰርሰሪያ ቀድሞ መበሳት ነበረበት። የኔ ገጣሚ በቀጥታ ነው የመታው። ደግሞም ፒቪሲ ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል። የጭስ ማውጫ ቧንቧ የሚያልፍበት ጣሪያ ላይ አታስቡት። ለበረንዳና ለመኪና ማቆሚያ እሺ።

ሺንግል የሚባለውም አለ፤ ሬንጅ የተነከረ ምንጣፍ ላይ ጠጠር። ስሩ ሙሉ በሙሉ በጣውላ መሸፈን አለበት። እዚህ አገር ጣውላው ከክዳኑ ይወደዳል። አልፈዋለሁ።

አሮጌ ቤት ገዝታችሁ ጣሪያው ግራጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ሲሚንቶ ያለ ሞገድ ክዳን ከሆነ ግን አንድ ቃል። አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትሰብሩት፣ በመጋዝ አትቁረጡት፣ ደረቁን አትጥረጉት። አቧራው የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

የኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፦ ከተማ ዳር ለሚሠራ ተራ ቪላ፣ ተዳፋቱ ከበቃ፣ ባለ ጠጠሩን ከላይ አድርጉና ሮክ ውሉን ለብቻው ኮርኒሱ ላይ አንጥፉ። ሁለቱ ሳይጣበቁ እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ይሥሩ። አንዱ ቢያረጅ ሌላውን ሳትነኩ ትቀይራላችሁ። አሁን እኔ ያለሁት በዚህ ስር ነው።

ደረጃ 4፦ ናሙናውን ቤት ወስዳችሁ አሠቃዩት

ናሙና በነጻ ይሰጣል። የማይሰጥ ሱቅ ካለ እለፉት። ከየሱቁ አንድ ቁራጭ ሰብስቡና ጀርባው ላይ የሱቁን ምልክትና ቀኑን በማርከር ጻፉ።

ለባለ ጠጠሩ ፈተናው ማቀዝቀዣ ነው። ቁራጩን አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። አውጥታችሁ ከነእርጥቡ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አውጡና የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ይህንን አምስት ጊዜ ደጋግሙ። ከዚያ በሳንቲም ጠርዝ ፋቁት። አምስት ናሙና እንዲህ አድርጌ ነበር። ሦስቱ ጥቂት ጠጠር ብቻ ጣሉ፤ ትርፍ ጠጠር ከፋብሪካም ሲመጣ ይረግፋልና አያስደነግጥም። አራተኛውም ደህና ነበር። አምስተኛውን አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ጠጠሩ እንደ ሽርክት ወረደ። ስሩ የሚያብረቀርቅ ብረት ወጣ። ቁራጩ ካታሎጉ ላይ 50 ዓመት የተጻፈለት ነበር።

ቀጥሎ አንዱን ጥግ በፒንሳ ዘጠና ዲግሪ እጠፉት። ጠጠሩ መታጠፊያው ላይ ብቻ ቢሰነጠቅ ችግር የለም። ከመታጠፊያው ወዲያ በንጣፍ መልክ ከተላጠ ሙጫው ደርቋል ማለት ነው። ሌላ ቁራጭ በረኪና ውስጥ አሳድሩ። ውሃው ቀለም ከያዘ ጠጠሩ በደካማ ቀለም የተነከረ ነው። ጀርባውንም እዩ። ጀርባው ያልተቀባ ከሆነ የሌሊት ላብ በቀጥታ ብረቱን ነው የሚያገኘው።

ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለኩ። ከሌላችሁ የቶርኖ ቤት ሰው አያጣም። ጠጠር የሌለበትን ጠርዝ ፈልጉ። ቀለሙና ሽፋኑ ስለሚቆጠር የምታገኙት ቁጥር ከብረቱ ትንሽ ይበልጣል። 0.4 ነው የተባለው 0.37 ከመጣ፣ ብረቱ ከዚያም ያንሳል ማለት ነው።

ለሳንድዊች፦ ላሜራውን ከጥግ በቢላ ጀምራችሁ በእጅ ላጡት። ጥሩ ከሆነ ፎሙ ይቀደድና ግማሹ ላሜራው ላይ ይቀራል። እንደ ስቲከር ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ሙጫ የለውም፣ ተዉት። ከፎሙ የጣት ጫፍ የምታህል ቆርሳችሁ ደጅ ላይ፣ ከልጆች ርቃችሁ፣ በክብሪት ሞክሩት። ቀልጦ ከተንጠባጠበ ነጩ ፎም ነው። ጠቁሮ ከከሰለና ክብሪቱ ሲነሳ ከጠፋ የተሻለ ነው። ሮክ ውል ምንም አይሆንም። ጭሱን አታሽትቱ።

ለፕላስቲኩ፦ የተቆረጠውን ጠርዝ በፀሐይ እዩ። የላይኛው ሽፋን በግልጽ ተለይቶ መታየት አለበት። ካልታየ ቀለም ነው የተቀባው።

ጎረቤቴ ይሄን ሁሉ ሳደርግ አይቶ «ክዳን ነው ወይስ ሽሮ የምትሞክሪው?» ብሎ ስቆብኛል። በኋላ ናሙናዎቹን ተዋሰኝ።

ደረጃ 5፦ ብዛቱን ራሳችሁ አስሉ

በ10 በ12 ሜትር ቤት እናስብ። ጣሪያው ከግድግዳው በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ይወጣል። ስለዚህ 11.2 በ13.2 ሜትር ይሆናል፤ 148 ካሬ ገደማ። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ከሆነ በ1.064 አባዙት። 157 ካሬ ይመጣል። አንድ ባለ ጠጠር ቁራጭ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 0.46 ካሬ አካባቢ ነው፤ ከየፋብሪካው ቁጥሩን ጠይቁ። በዚህ ሒሳብ ወደ 340 ቁራጭ ነው። ለቁርጥራጭ ብክነት በሁለት አቅጣጫ ለሚወርድ ጣሪያ 5 ከመቶ፣ በአራት አቅጣጫ ለሚወርድ 10 ከመቶ ጨምሩ። ከዚያ ላይ ለመጠባበቂያ አሥር ቁራጭ ግዙና አስቀምጡ። ቀለሙ ከአምስት ዓመት በኋላ ላይገኝ ይችላል።

ሒሳቡን ይዛችሁ ስትሄዱ የሻጩ አነጋገር ይለወጣል።

ደረጃ 6፦ ፕሮፎርማውን በደንብ አንብቡ

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ይቀያየራል። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ አስጽፉ። ከዚያ እነዚህ ነገሮች በጽሑፍ ይግቡ፦ የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ቀለሙን ሳይጨምር፣ የሽፋኑ ዓይነትና መጠን፣ የፎሙ ዓይነት፣ የአናት መሸፈኛውና ብሎኑ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመጨረሻው ነው። ካሬው ርካሽ ይሆንና የአናቱ፣ የጠርዙና የሸለቆው ሒሳብ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው።

ዋስትና ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ብረቱ እንዳይበሳ፣ ጠጠሩ እንዳይረግፍ፣ ቀለሙ እንዳይነጣ። «50 ዓመት» የሚለው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደግሞ ማን ነው የሚከፍለው? ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ ወይስ እዚህ ያለው አስመጪ? አገጣጠሙ እንደ መመሪያው ካልሆነ ዋስትናው ይፈርሳል የሚል መስመር አይጠፋም። እኔ ያንን መስመር ያነበብኩት ካፈሰሰ በኋላ ነው። ሱቁ ሄጄ ሳወራ ትሕትናው አልጎደለም፤ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ።

ደረጃ 7፦ የሚገጠምበት ቀን ሳይት ላይ ዋሉ

ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ ሩጫ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ጠዋት ላይ መጀመሪያ የምታዩት የመቁረጫ መሣሪያውን ነው። ግራይንደር ከሆነ አስቁሙ። ፍንጣሪው ትኩስ ስለሆነ ሽፋኑን ያቃጥለዋል። የወደቀው ብናኝም በመጀመሪያው ዝናብ ይዝግና ክዳኑን ያዥጎረጉረዋል። የቆርቆሮ መቀስ ይጠቀሙ። የተቆረጠው ጠርዝ ወዲያው ቀለም ይቀባ።

ሁለተኛ፣ ከክዳኑ ስር የሚነጠፈው ነገር። አንዳንድ ገጣሚ ተራ ላስቲክ ያነጥፋል። ላስቲክ ከላይ ውሃ ይከለክላል፣ ከታች የመጣውን እንፋሎት ግን ያፍነዋል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚተነፍስ ሜምብሬን ይሁን፤ ውሃ የማያስገባ፣ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ ስስ ንጣፍ ነው። በሜምብሬኑና በክዳኑ መካከል ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ክፍተት ይኑር። አየሩ ከታች ጠርዝ ገብቶ በአናት ይውጣ። ሁለቱም አፍ ላይ ወንፊት ይመታ፤ አለበለዚያ ወፍ ብቻ ሳይሆን ንብም ይገባል። እኛ ሰፈር አንድ ቤት ማር ቆርጠዋል።

ሦስተኛ፣ የሞራሌው ርቀት። ባለ ጠጠሩ በየ37 ሴንቲ ገደማ ነው የሚፈልገው። ገጣሚው በቆርቆሮ ልማድ ሜትር ላይ ሊያደርገው ይችላል። «ችግር የለውም፣ ለክቼዋለሁ» ይላችኋል። እናንተም ለኩ።

አራተኛ፣ ብሎኑ። ባለ ጎማ ይሁን። ጎማው በልኩ ይጨበጥ፤ ተጨፍልቆ ከጎን ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ በፀሐይ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከታች ጠርዝ፣ ከአናትና ከጎን ጫፎች ላይ ብሎኑ ይደገም። ነፋስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክዳኑ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሲሊኮን ብቻ እንዲታለፍ አትፍቀዱ። ሲሊኮን ተጨማሪ ነው። ላሜራው ታጥፎ ግድግዳው ውስጥ መግባት አለበት። ሲሚንቶውም አሉሚኒየም ባለው ሽፋን ላይ እርጥብ ሆኖ አይፍሰስ፤ ይበላዋል።

ሠራተኞቹ ሸራ ጫማ ያድርጉ። ባለ ጠጠሩ ላይ ሲረግጡ ዝቅ ያለው፣ ከስሩ ሞራሌ ያለበት ቦታ ላይ ይርገጡ።

ሮክ ውሉን ኮርኒሱ ላይ ስታነጥፉ ጥግ ጥጉን አትዝለሉ። 10 ሴንቲ አንጥፋችሁ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍት ብትተዉ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ የሚገባበትን ቦታ ተኝታችሁ ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ውሃውንና ሶላሩን አብራችሁ አስቡ

ከተማ ዳር ውሃ በፈረቃ ነው። ጣሪያችሁ ግን ትልቅ መሰብሰቢያ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ለውሃ የሚቆጠረው ከላይ የታየው 148 ካሬ ነው፣ ተዳፋቱ አይጨመርም። 1,000 ሚሊ ቢዘንብና 15 ከመቶ ቢባክን 125 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አስወግዱ፤ አዲስ ባለ ጠጠር ክዳን ትርፍ ጠጠሩን በነሱ ነው የሚያወርደው። ውሃው ለግቢና ለልብስ ነው፣ ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣም።

አሸንዳው ጠባብ አይሁን። በረዶ ሲወርድ ይሞላና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። የኋላ ጠርዙ ከፊት ጠርዙ ትንሽ ከፍ ይበል። ያን ጊዜ ሲሞላ ወደ ውጭ ይፈሳል።

ሶላር የምታስቡ ከሆነ፣ ዛሬ ባትገዙም፣ የሚቀመጥበትን ቦታ አሁኑኑ ወስኑና ስሩ ላይ እንጨቱን አጠንክሩ። እግሩ መታሰር ያለበት ከሞራሌው ጋር ነው። የተገጠመ ክዳን በኋላ የሚበሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ክዳን ገጣሚ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ መሰርሰሪያ ይዞ፣ ቸኩሎ።

የመጀመሪያው ክረምት

ጰጉሜን ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ባትሪ ይዛችሁ ኮርኒስ ውስጥ ግቡ። በዝናብ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። መብራቱን አጥፉና ትንሽ ቁጭ በሉ። የብርሃን ቀዳዳ ታያላችሁ? ከዚያ ባትሪውን አብርታችሁ ሞራሌዎቹን አንድ በአንድ እዩ። እርጥብ እንጨት ጠቆር ይላል። ጥቁር ነጠብጣብ ካገኛችሁ በጠመኔ ክበቡት፤ በመስከረም ገጣሚው ሲመጣ ከውጭ ማግኘት አይችልም። ከሸለቆውና ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ጀምሩ። እኔ ባለፈው ጰጉሜን አንድ አገኘሁ፤ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል። ክዳኑ አልነበረም። ላሜራው ግድግዳው ውስጥ ሳይገባ በሲሊኮን ታልፎ ነበር።

ያን ቀን ሳይት ላይ አልዋልኩም።